የድሮውን የሚረሳው ዲስክ

ታመነ ኮምፒውተሩ መታመሙን ያወቀው በጆሮው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስክሪኑን አይቶ ይጠረጥር ነበር፤ የእሱን ዓይን ግን በስድስት ዓመቱ፣ ከምባታ እናቱ ቤት ሳለ፣ ኩፍኝ ወስዶበታል። ለእሱ ኮምፒውተር ማለት የሚያወራ ዕቃ ነው። ቁልፍ ሲጫን ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም የፋይሉን ስም በፈጣን እንግሊዝኛ ይጠራለታል፤ እሱም ያንን ድምፅ እየተከተለ ይጽፋል፣ ድምፅ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ጥር እኩሌታ ላይ ያ ድምፅ መንተባተብ ጀመረ። የአንዱን ፋይል ስም ግማሹን ይጠራና ጸጥ ይላል። ታመነ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ ይጠብቃል። ከስንት ጊዜ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የቀረውን ግማሽ ይጨርሳል።

«ሰው ቢሆን ኖሮ ሐኪም ቤት እወስደው ነበር» አላት ለሚስቱ ለደስታነሽ።

«ታዲያ ዕቃስ ሐኪም የለውም እንዴ?» አለችው።

ታመነ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የስልክ ኦፕሬተር ሆኖ አስራ ስምንት ዓመት ሠርቷል፤ ደስታነሽም እዚያው ክር ክፍል ውስጥ ናት። የሚኖሩት ከፋብሪካው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው። ኮምፒውተሩ የተቀመጠው በፊተኛው ክፍል፣ ጎረቤታቸው ዛኪር የብረት በርና መስኮት ከሚበይድበት ግቢ ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ በኩል ነው።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ነገር ባይኖር ኖሮ መንተባተቡ ያን ያህል ባላስጨነቀው። ነገሩ እንዲህ ነው። ታመነ ልጅ ሳለ ሒሳብ አልተማረም። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ መምህሩ «አንተ ውጭ ፀሐይ ሙቅ» ይለው ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን ለማያይ ልጅ እንዴት እንደሚነገር ስላላወቀበት ነው። የዛሬ አራት ዓመት ታመነ ለመምህራን በተዘጋጀ አንድ ስብሰባ ላይ ይህንኑ ሲናገር፣ አንዲት ሴት ከኋላ ተነሥተው ጠየቁት። ጂቱ ይባላሉ፤ በአፋን ኦሮሞ የአክብሮት አጠራር ሰው «አዴ ጂቱ» ይላቸዋል፤ የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር።

«ሦስት ማዕዘን ስልህ ምን ይመጣብሃል?» አሉት።

«ምንም» አላቸው።

ይቺ «ምንም» አዴ ጂቱን እንቅልፍ ነሣቻቸው። ሳምንት ሳይሞላ ደወሉለት። «ቅዳሜ ሱሉልታ ና» አሉት። ሄደ። ጠረጴዛ ላይ ግራ ክንዱን እስከ ክርኑ አስተኙለት። «ይሄ አንዱ ጎን ነው» አሉ። ቀኝ ክርኑን ከግራ ክርኑ አጋጥመው ክንዱን ቀጥ አድርገው አቆሙለት። «ይሄ ሁለተኛው።» ከዚያ ከአንዱ እጁ ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ጣት ጫፍ ክር ወጠሩና በአፍንጫው እንዲዳስሰው አደረጉት። ታመነ በአርባ ሁለት ዓመቱ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ተቀምጦ ሳቀ። ሳቁን ማቆም አቅቶት አዴ ጂቱም አብረውት ሳቁ።

ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ሁለት ዓመት ተኩል ተመላለሰ። ከሰበታ ተነሥቶ አዲስ አበባን ያቋርጣል፣ አዲሱ ገበያ ላይ ሚኒባስ ይቀይራል፣ እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ ይወርዳል። አዴ ጂቱ ሒሳብን ለጆሮ ይናገራሉ፣ እሱ ይቀዳል። የመስመርን ተዳፋትነት ያስተማሩት በሚኒባሱ ቁልቁለት ነው፤ «አንድ እርምጃ ወደፊት ስትሄድ ስንት ወደ ታች ትወርዳለህ?» እያሉ። በጠዋት ሯጮች በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ ኮቴያቸው ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባ ቆም ይላሉ፤ እነሱ ካለፉ በኋላ ይቀጥላሉ። ሁለት መቶ አስራ አራት ትምህርት ሆነ። እያንዳንዱ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአፋን ኦሮሞ ስለተቀረጸ በጠቅላላው አራት መቶ ሃያ ስምንት ፋይል።

ሥራው ባለቀ በዓመቱ አዴ ጂቱ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና አደረጉ። ሐኪሞቹ ድምፃቸው ሊለወጥ እንደሚችል አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር፤ እንደተባለውም ያ ለአርባ ደቂቃ የማይደክም የመምህር ድምፅ ሻካራና ዝቅ ያለ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማይክ ፊት ተቀምጠው አያውቁም። ለተማሪዎች በሚሞሪ ካርድ የተሰጠው ገና ሰባው ትምህርት ነው፤ የቀረውን ታመነ ማታ ማታና በእረፍት ቀኑ ያጣራል። ሌላ ቅጂ የነበረበት ተነቃይ ዲስክ ባለፈው ክረምት ከጠረጴዛ ወድቆ ተበላሽቷል። ይተካል፣ ይተካል ሲባል ጊዜው አለፈ። ስለዚህ የአዴ ጂቱ የቀድሞ ድምፅ በሙሉ ያለው እዚያች የምትንተባተብ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያ የጠየቀው የሰፈሩን ባለሙያ ነው። እሱም ሳያይ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አለው፤ ያለበትን ሁሉ ይጥፋ ማለቱ ነው። ታመነ ጨንቆት ቡራዩ ላለው ለሰላሃዲን ደወለ። ሰላሃዲን ኮምፒውተሩን የሸጠለት ልጅ ነው። ልጅ ይበለው እንጂ ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ አባቱ ከድሩ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲሸጡበት የኖሩትን ሱቅ ግማሹን ወስዶ ኮምፒውተር ሞልቶበታል።

«ጋሽ ታመነ፣ ማንም እንዳይነካው» አለ ሰላሃዲን። «መጀመሪያ ፍጥነቱ ይለካ። ሳይለኩ ማከም የለም።»

«ፍጥነት ይለካል እንዴ?»

«ይለካል እንጂ! ኤስኤስዲ እኮ ነው ያለዎት፤ እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ጤነኛ ከሆነ በሰከንድ አምስት መቶ ሜጋባይት አካባቢ ማንበብ አለበት። ከመቶ ከወረደ አልቆለታል ማለት ነው። አሁን ስልኩን ስፒከር ላይ ያድርጉልኝ።»

ሰላሃዲን ከቡራዩ ሆኖ አንድ በአንድ አዘዘው። ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት አስከፈተው፤ የመለኪያውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል አስጻፈው። ኮምፒውተሩ ትልቅ የሙከራ ፋይል ዲስኩ ላይ ጽፎ፣ መልሶ አንብቦ፣ የፈጀበትን ጊዜ ያሰላል። ታመነ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግቶ ጠበቀ። ድምፁ ሳይንተባተብ አንድ ቁጥር ጠራ፤ አምስት መቶ አስራ ሁለት።

«አልሐምዱሊላህ!» ሰላሃዲን ስልኩ ውስጥ ጮኸ። «እንደ አዲስ ነው! ዲስኩ ምንም አልሆነም። ችግሩ ዊንዶውሱ ነው፤ ቅዳሜ መጥቼ በአዲስ እጭንልዎታለሁ።»

«ጌታ ይባረክ» አለ ታመነ። ለደስታነሽ «አምስት መቶ አስራ ሁለት!» ብሎ ነገራት፤ እሷም ምን እንደሆነ ባይገባትም «ተመስገን» አለች።

እፎይታው ግን ሁለት ቀን አልቆየም። ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ የመጀመሪያውን ዓመት የክፍልፋይ ትምህርት ከፈተ። ጸጥታ። ቆይቶ፣ ቆይቶ ተከፈተ። ዘግቶ ደግሞ ከፈተው፤ ወዲያው ተከፈተ። «እኔው ነኝ የማበዛው» አለ ለራሱ። በማግስቱ ግን ኮምፒውተሩን አስነሥቶ ያንኑ ፋይል ሲከፍት ያው የትናንቱ ጸጥታ ጠበቀው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ኮምፒውተሩ አንዴ ያነበበውን እስኪጠፋ ድረስ በሌላ ማስታወሻ ይይዘዋል፤ ሁለተኛው ጊዜ የሚፈጥነው ለዚያ ነው። እውነቱ ያለው በመጀመሪያው ጊዜ ላይ ነው።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ የፋብሪካው የስልክ መስመር ለጥገና ተዘግቶ ከቀትር በኋላ ሥራ አልነበረውም። ታመነ ብሬል የሚጽፍበትን ሰሌዳና መውጊያ አወጣ። በስልኩ ላይ የሰዓት መቁጠሪያውን ከፈተ። ከዚያ አስራ ሁለት ፋይል መረጠ፤ ባለፈው ሳምንት አጣርቶ ካስቀመጠው ጀምሮ አራት ዓመት እስከሞላው ድረስ። አንዱን ፋይል ወደ ሌላ ፎልደር ይገለብጣል፣ የፈጀውን ሰከንድ ይይዛል፣ ወረቀቱ ላይ ይወጋል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያስነሣና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ደስታነሽ ከሥራ ገብታ ሻይ አስቀመጠችለት፤ ሻዩ እዚያው ቀዘቀዘ።

ያለፈው ሳምንት ፋይል፣ ከሰከንድ በታች። የአምናው፣ ሦስት ሰከንድ። የካቻምናው፣ ሠላሳ አራት ሰከንድ። ከሁሉም ቀድሞ የተቀረጸው፣ ያ የሦስት ማዕዘኑ ትምህርት፣ ሁለት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ፈጀ። ፋይሎቹ ሁሉም ወደ ሁለት መቶ ሜጋባይት ናቸው። ታመነ በጭንቅላቱ አካፈለ፤ ማካፈልን በዚህ መንገድ ያስተማሩት አዴ ጂቱ ናቸው። ሁለት መቶ ለአንድ መቶ ሃያ አምስት፤ አንድ ነጥብ ስድስት። በሰከንድ አምስት መቶ ያነባል የተባለ ዲስክ ሁለት እንኳ አልሞላም።

ጣቶቹን ወረቀቱ ላይ ካሉት ነጥቦች ላይ ሳያነሣ ደወለ።

«ሰላሃዲን፣ ያ ፈተና የሚያነበው የትኛውን ፋይል ነው?»

«ራሱ የጻፈውን ነዋ። ጽፎ መልሶ ያነባል።»

«ያኔውኑ የጻፈውን?»

«አዎ።»

«ታዲያ የጠየቅነው አሁን የነገርነውን ነው እንጂ የድሮውን አይደለም። ልጄ፣ ይሄ ዲስክ አዲሱን ያስታውሳል፤ የሚረሳው የድሮውን ነው።» አስራ ሁለቱንም ቁጥሮች አነበበለት።

ሰላሃዲን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየደገመ ጻፈ። ከኋላው በሱቁ በር የሚያልፍ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሽ ታመነ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ተለውጧል። «እኔ ነገ መጥቼ ፎርማት ላደርገው ነበር። ፋይሎቹን ወዲህ ወዲያ ሳደርግ እጄ ላይ ይሞትብኝ ነበር። ይሄ ርካሹ ዓይነት ዲስክ የያዘው ኤሌክትሪክ ቀስ እያለ ይንጠባጠብበታል፤ እንደሚያፈስ እንስራ። የድሮውን ሲጠይቁት ደጋግሞ እየሞከረ ነው የሚያነበው። አሁን ያጥፉት። እኔ እስክመጣ እንዳያስነሡት።»

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰላሃዲን አዲስ ዲስክና ዩፒኤስ የሚባለውን የመብራት መጠባበቂያ ባትሪ ተሸክሞ ከቡራዩ ሰበታ ገባ። ዩፒኤሱን መጀመሪያ ሰካ። «ዛሬ ይሄ ዲስክ አንዴ ከተነሣ እስኪያልቅ መጥፋት የለበትም» አለ። «ከጠፋ ድጋሚ ላይነሣ ይችላል።»

«ከየትኛው እንጀምር?» አለ ታመነ። ልቡ ከሦስት ማዕዘኑ እንዲጀመር ፈልጎ ነበር።

«ከሚሮጡት። የሚሮጡትን መጀመሪያ እናውጣ፤ የሚያነክሱትን በኋላ እንደግፋለን። በሚያነክሰው ብንጀምር በሩ ላይ ወድቆ ሁሉንም ይዘጋብናል።»

ታመነን ከነከነው፤ ግን ልጁ ትክክል ነው። የአዲሶቹ ፋይሎች ስም እንደ ዝናብ ወረደ። አንድ መቶ፣ አንድ መቶ ሃምሳ። ረፋዱ ላይ እርምጃው ከበደ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁለት መቶ ሰማንያ ደርሰው በሰከንድ አራት ሜጋባይት ይሳቡ ነበር። ደስታነሽ ክትፎ በቆጮ አቀረበች፤ ሰላሃዲንን «ሥጋው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነው፣ ሐላል ነው፣ ብላ» አለችው። እሱም እየሳቀ በላ።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

ዩፒኤሱ መጮህ ጀመረ። «ስንት ደቂቃ ይይዛል?» አለ ታመነ።

«አስራ አምስት። ቢበዛ ሃያ።» የቀረው ሰማንያ ፋይል ነበር፤ ሁሉም የሚያነክሱት።

ሁለቱ ወንዶች ገና ሳይነጋገሩ ደስታነሽ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጥታ ነበር። ዛኪር ጄኔሬተሩን አስነሥቶ የአንድ ሠርግ ቤት በር እየበየደ ነው። በሩ በዚያው ቀን መድረስ ነበረበት። ደስታነሽ በጄኔሬተሩ ጩኸት መሐል ምን እንዳለችው ታመነ አልሰማም፤ የሰማው የብየዳው ድምፅ ሲቋረጥ ነው። ትንሽ ቆይቶ ዛኪር ራሱ ረጅም ገመድ በመስኮት አስገባ።

«እንካችሁ» አለ። «እኔ ስበይድ ኃይሉ ስለሚወራጭ ዕቃችሁን ይጎዳዋል። እስክትጨርሱ አልበይድም።»

«ዛኪር፣ የሠርጉ በርስ?» አለው ታመነ።

«በር ሳይኖረው የተደገሰ ሠርግ ስንቱን አይቻለሁ። ነገ ጠዋት እገጥምላቸዋለሁ። ያችን መምህርት አድኗት።» መስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳያልቅበት እየተነሣ ሲያይ ዋለ።

ታመነ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት መቼም አይረሳውም። ፋይሎቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ በአንዱና በአንዱ መካከል ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። እያንዳንዱ በደረሰ ቁጥር ሰላሃዲን ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ዛኪር ከውጭ «እሺ!» ይላል። የዐስር ሰላት ሲደርስ ደስታነሽ ውስጠኛው ክፍል ንጹሕ አንሶላ አነጠፈችለትና ሰላሃዲን ገብቶ ሰገደ። ታመነም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በእናቱ ቋንቋ የራሱን ጸሎት አደረሰ። ሰላሃዲን ሲመለስ የሦስት ማዕዘኑ ትምህርት ደርሶ ነበር። ታመነ አልቻለም፤ ከአዲሱ ዲስክ ላይ ከፈተው። «ክንድህን እስከ ክርንህ ጠረጴዛው ላይ አስተኛ» አለ ያ የድሮው፣ የጠራው የአዴ ጂቱ ድምፅ። ወዲያው ነው የተናገረው። ታመነ እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል አራት መቶ ሃያ ሰባት ደረሰ። አንዱ እምቢ አለ። ሰላሃዲን አራት ጊዜ ሞከረው፤ በአምስተኛው አሮጌው ዲስክ ከነጭራሹ ጠፋ፣ ኮምፒውተሩም አላውቀውም አለ። የቀረው በአፋን ኦሮሞ የተቀረጸው የክብ ትምህርት ነበር።

ሰላሃዲን ዲስኩን ነቅሎ በእጁ ይዞ ቆመ። «ይሄን ዕቃ የሸጥኩልዎ እኔ ነኝ» አለ። «አንዱም የጠፋው በእኔ ነው። አዲሱን ግን በነጻ ነው ያመጣሁት፤ ከዚህ በላይ ምን እንደምልዎ አላውቅም።»

«ና ወዲህ» አለው ታመነ። እጁን ዘርግቶ የልጁን ትከሻ አገኘ። «ያ ሰውዬ ሳያየው ሊያጠፋው ነበር። አንተ ነህ ‹ይለካ› ያልከኝ። አንተ ባትለኝ ፍጥነት እንደሚለካም አላውቅም ነበር። ልኬቱ ተሳሳተ እንጂ መለካትን ያስያዝከኝ አንተ ነህ። ተባረክ። አባትህንም ሰላም በልልኝ፤ ሰው ወልደዋል።»

ዛኪርን ደግሞ ለማመስገን ወደ መስኮቱ ዞረ። ዛኪር ግን ገመዱን ጠቅልሎ ሄዷል፤ ከግድግዳው ወዲያ የብየዳው ድምፅ ተጀምሯል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ታመነ ሱሉልታ ወረደ። መንገዱን ሁሉ የሚያስበው ስለ ጠፋችው አንዷ ነበር። ድምፃቸውን ላጡ ሰው ከቀረችው ድምፅ ላይ ቀነስኩብዎት ብሎ መንገር ምን ያህል ይከብዳል! በሩ ላይ አዴ ጂቱ ተቀበሉት።

«አካም ጂርታ ታመነ?» አሉት በሻካራው ድምፃቸው።

«ፈያ፣ አዴ። እርስዎ እንዴት ነዎት?» አለና ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገራቸው። ስለ አምስት መቶ አስራ ሁለቱ፣ ስለ ሁለት ደቂቃ ከአምስት ሰከንዱ፣ ስለ ሰላሃዲን፣ ስለ ዛኪር። በመጨረሻም ስለ ክቡ። አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

አዴ ጂቱ ሳቁ። ሳቃቸው አልተለወጠም ነበር።

«ክቡ? እሱስ ይጥፋ!» አሉ። «ታመነ፣ ያንን ትምህርት አንድ ቀን ወድጄው አላውቅም። ሳህን አስይዤ ጠርዙን አስዳሰስኩ እንጂ ክብ ምን እንደሆነ አልተናገርኩም። ሳህንማ ማንም ያውቃል።» እጁን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። «እዚህ የጎረቤት ጥጃ ካስማ ላይ ታስሯል። ገመዱ አምስት እርምጃ ነው። ጥጃው ሩቅ ያለውን ሣር ፈልጎ ገመዱን ወጥሮ ይዞራል፤ የትም ቢዞር ከካስማው ያው አምስት እርምጃ ነው፤ አይጠጋም፣ አይርቅም። በተወጠረ ገመድ የሚዞርበት መንገድ፣ ክብ፣ ጌንጎ ማለት እሱ ነው። ይሄ የገባኝ ከቀዶ ጥገናው በኋላ እዚህ ቁጭ ብዬ ስውል ነው። ለማን ልንገረው?»

ታመነ ቦርሳውን ከፈተና መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አይሆንም» አሉ አዴ ጂቱ። «ድምፄን እየሰማኸው አይደለም?»

«እየሰማሁዎት ነው፣ አዴ። ጥጃውን አገኘሁት እኮ። ካስማውንም አገኘሁት።»

አዴ ጂቱ መቅጃውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ቆይተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ለአርባ ደቂቃው ትምህርት ሰባት ጊዜ ውሃ ለመጠጣት ቆሙ፤ ድምፃቸው እየደከመ ሲሄድ ንግግራቸውም ቀስ አለ፤ አንዱን ቃል ካንዱ አራርቀው አስቀመጡት። ሲጨርሱ «በል፣ ያላስተማርነው ምን ቀርቷል?» አሉት፤ ታመነም ያልተሠሩትን ዘረዘረላቸው።

ለፋሲካ አስራ አንድ አዲስ ትምህርት አድርሰው ነበር። አሁን ሁሉም በሦስት ዲስክ ላይ ይገኛል፤ አንዱ ሰበታ ታመነ ቤት፣ አንዱ ቡራዩ ሰላሃዲን ሱቅ፣ አንዱ ሱሉልታ አዴ ጂቱ ቁም ሣጥን ውስጥ። ሰላሃዲን በየሦስት ወሩ ሦስቱንም ይለካል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው ከሁሉም ያረጀውን ፋይል ነው፤ ቁጥሩን ለታመነ በስልክ ይነግረዋል። ሱቁ የሚመጣውን ሰው ሁሉ «የሙከራውን ቁጥር አይተው አይመኑ፣ የድሮ ፋይልዎን ይጠይቁት» እያለ ያስተምራል፤ ይህን ከማን እንደተማረም ይናገራል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን በታመነ ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ሆለታ ዘጠነኛ ክፍል የምትማር ኤዶም የምትባል ማየት የተሳናት ልጅ ናት። የክቡን ትምህርት ሰምታለች፤ በመጀመሪያ አመሰገነች፤ ቀጥላ ፈራ ተባ እያለች አንድ ነገር ለመነች። እኚያ ድምፃቸው ሻከር ያለው መምህርት ሌሎቹንም እንደገና ሊያስተምሩን ይችላሉ ወይ? እሳቸው ቀስ ብለው ስለሚናገሩ እኩል እደርስባቸዋለሁ፤ ያኛዋ ድምፅዋ የጠራው መምህርት ግን ትቀድመኛለች አለች፤ ሁለቱ ድምፆች የአንድ ሰው መሆናቸውን አላወቀችም።

ታመነ ወዲያው ሱሉልታ ደውሎ መልእክቱን በስፒከር አሰማቸው። አዴ ጂቱ ደግመህ አሰማኝ አሉት። እሱም ደግሞ አሰማቸው።

«ሁለት መቶ አስራ አራቱንም?» አሉ በመጨረሻ።

«ሁለት መቶ አስራ አራቱንም አላለችም፣ አዴ። ሌሎቹን ነው ያለችው።»

«ያው ነው» አሉ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ታመነ መለየት አቃተው። «ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ በላት። ቅዳሜ በጊዜ ና፤ ሯጮቹ ሳይነሡ እንጀምር።»